ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ በአሜሪካ፦ የክርክሩ ምንነትና በዚያ የሚኖሩ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በአሜሪካ እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ድረስ 29 ግዛቶች ሕጉ የማይከለክለው አዋቂ ሰው ከመንግሥት ፈቃድ ሳያወጣ ሽጉጥ በልብሱ ሥር ደብቆ በአደባባይ እንዲንቀሳቀስ ፈቅደዋል። በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የዳላስ፣ የአትላንታና የኮሎምበስ ከተሞች በእነዚህ ግዛቶች ውስጥ ይገኛሉ። በአንጻሩ ሰፊው ማኅበረሰብ የሰፈረበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ እንዲሁም ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ፣ ካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ግዛት ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ አሁንም ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ይህ ጽሑፍ የክርክሩን አመጣጥ፣ የሁለቱን ወገኖች መከራከሪያ እና በአሜሪካ ለሚኖሩ ዜጎች የሚኖረውን ተግባራዊ ትርጉም ያብራራል። ዋናው መልእክት አንድ ነው፦ የፈቃድ ግዴታ መነሣት ክልከላዎቹን አላነሣም። ቀድሞ አመልካቹን ያጣራ የነበረው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነበር፤ አሁን ግን ሽጉጥ መያዝ የሚችል መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ የማወቅ ኃላፊነት በባለመሣሪያው ላይ ወድቋል። የአሜሪካ ዜግነት ለሌለው ሰው በዚህ ረገድ የሚፈጸም ስሕተት ከእስር ባሻገር የመኖሪያ መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

ያለ ፈቃድ መያዝ ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ የጦር መሣሪያ መግዛት፣ በቤት ማስቀመጥ፣ በግልጽ ታጥቆ መንቀሳቀስ እና በልብስ ሥር ደብቆ መያዝ በሕግ ተለያይተው የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው። ለረጅም ጊዜ አብዛኞቹ ግዛቶች ለመጨረሻው የተለየ ፈቃድ ይጠይቁ ነበር። አመልካቹ ለፖሊስ ወይም ለሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ያስገባል፤ በብዙ ግዛቶች አሻራ ይሰጣል፤ የወንጀል ሪከርዱ ይጣራል፤ ሥልጠና ይወስዳል፤ ክፍያም ይፈጽማል።

ይህን ግዴታ ያነሡ ግዛቶች ፈቃድ መስጠታቸውን በአብዛኛው አላቋረጡም። ፈቃዱን ማውጣት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን አድርገዋል። በመሆኑም በእነዚህ ግዛቶች ፈቃድ ያለውና የሌለው ሰው ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፤ መብታቸው ግን ከዚህ በታች እንደሚብራራው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም።

ሕጉ እዚህ የደረሰው እንዴት ነው?

የቨርሞንት ግዛት ከመነሻው ይህን ዓይነት ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1903 የራትላንድ ከተማ ያወጣውን የፈቃድ ደንብ ውድቅ አድርጎታል። በሌላ በኩል ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1911 ባወጣው ሕግ ፈቃድ መስጠትን በባለሥልጣናት ውሳኔ ላይ እንዲመሠረት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1987 ፍሎሪዳ በሕግ የተዘረዘሩትን መስፈርቶች ያሟላ ሰው ሁሉ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዲኖረው ደነገገች፤ ይህም አሠራር በቀጣዮቹ ዓመታት በብዙ ግዛቶች ተስፋፋ።

የፈቃድ ግዴታውን ጨርሶ በማንሣት ቀዳሚዋ አላስካ ስትሆን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አሪዞና በ2010 ተከተለች። ቴክሳስና ቴነሲ በ2021፣ ጆርጂያ፣ ኦሃዮና ኢንዲያና በ2022፣ አላባማ፣ ፍሎሪዳና ነብራስካ በ2023፣ ሳውዝ ካሮላይናና ሉዊዚያና ደግሞ በ2024 ይህን አሠራር ተግባራዊ አድርገዋል።

ከግዛቶቹ ውሳኔ ጎን ለጎን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሦስት ዐበይት ውሳኔዎችን ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ በቤት ውስጥ ራስን ለመከላከል መሣሪያ የመያዝን የግለሰብ መብት እንደሚያካትት ወሰነ። በ2010 ይህ መብት ግዛቶችንና ከተሞችንም እንደሚያስገድድ አስታወቀ። ሰኔ 23 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ መብቱ ከቤት ውጭም እንደሚሠራ በ6 ለ3 ድምፅ በመወሰን፣ አመልካቾች ልዩ ምክንያት እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረውን የኒው ዮርክ ሕግ ሻረ።

በ2022ቱ ውሳኔ ላይ አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መጠየቅን አልከለከለም። ግልጽ መስፈርቶችን ያሟላ አመልካች ሁሉ የሚያገኘው ፈቃድ በራሱ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ አመልክቷል፤ የተጋነነ ክፍያና የተራዘመ መጓተት ግን መብቱን ሊያሳጡ ስለሚችሉ በፍርድ ቤት ሊመረመሩ እንደሚችሉ ገልጿል። ስለዚህ ፈቃድ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ የሚለው ጥያቄ በዋናነት የየግዛቱ ሕግ አውጪዎች የፖሊሲ ምርጫ ሆኖ ቀጥሏል።

የደጋፊዎች መከራከሪያ

የፈቃድ ግዴታው እንዲነሣ የሚሹ ወገኖች የመጀመሪያ መከራከሪያቸው በሕገ መንግሥት የታወቀ መብት በቅድሚያ ፈቃድ ሊታጠር አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛው የፍትሐዊነት ጥያቄ ነው። ክፍያው፣ የሥልጠናው ወጪና የሥራ ቀን አቋርጦ ጽሕፈት ቤት መመላለስ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ይከብዳል፤ ጥበቃ በብርቱ የሚያስፈልገው ግን ወንጀል በበዛበት ሠፈር የሚኖረው ይኸው ሰው ሊሆን ይችላል። ፈቃድ መስጠት በባለሥልጣናት ውሳኔ ላይ የተመሠረተ በነበረበት ዘመን ጥቁር አሜሪካውያንና ስደተኞች ፈቃድ ይነፈጉ እንደነበርም ያስታውሳሉ።

ሦስተኛው መከራከሪያ ወንጀል ለመፈጸም ያሰበ ሰው ፈቃድ ለማውጣት ተራ አይዝም የሚለው ነው። በእነርሱ እምነት ግዴታው የሚያጉላላው ሕግ አክባሪውን ብቻ ነው።

የተቃዋሚዎች መከራከሪያ

ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት መሣሪያ መያዝ የማይገባውን ሰው አስቀድሞ የሚለይበት መንገድ እንደሆነ ይገልጻሉ። በፌዴራል ሕግ የሪከርድ ማጣሪያ የማድረግ ግዴታ ያለበት ፈቃድ ያለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነው። በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ሽያጭ ላይ ይህ ግዴታ በብዙ ግዛቶች የለም። ስለዚህ የመያዣ ፈቃድ ሲነሣ፣ አንድ ሰው በየትኛውም ደረጃ ሳይጣራ ታጥቆ ሊወጣ የሚችልበት ክፍተት እንደሚፈጠር ያስረዳሉ።

ሥልጠናም ሌላው ነጥብ ነው። ፍሎሪዳ በ2023 የፈቃድ ግዴታውን ስታነሣ አብዛኞቹን መስፈርቶች እንደያዘች የሥልጠናውን ግዴታ ግን ቀሪ አድርጋለች። ሜሪላንድ በተቃራኒው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው የተኩስ ልምምድን ያካተተ የ16 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ ታዛለች።

በዚህ ክርክር የፖሊስ አካላት ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። በኦሃዮ የግዛቱ የፖሊስ ባልደረቦች ማኅበር፣ በአላባማ ደግሞ የሸሪፎች ማኅበር ሕጉን ተቃውመዋል። በአላባማ የፈቃድ ክፍያው የሸሪፍ ጽሕፈት ቤቶች የገቢ ምንጭ ስለነበር ጉዳዩ የበጀት ገጽታም ነበረው፤ የግዛቱ ሕግ አውጪዎችም ለጠፋው ገቢ ማካካሻ የሚሆን ፈንድ አቋቁመዋል።

ጥናቶች ምን ያመለክታሉ?

እ.ኤ.አ. በ1998 ጆን ሎት ያሳተሙት መጽሐፍ የመያዣ ሕጎች መላላት ወንጀልን ይቀንሳል የሚል ድምዳሜ በማቅረቡ ሰፊ ውዝግብ አስነሥቶ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ በወቅቱ የነበረው ማስረጃ ሕጎቹ ወንጀልን ይቀንሳሉ ወይም ይጨምራሉ ለማለት እንደማያስችል ገለጸ። ራንድ ኮርፖሬሽን ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶችን መርምሮ፣ መስፈርት ላሟላ ሁሉ ፈቃድ የሚሰጡ ሕጎች የግድያ ወንጀልን እንደሚጨምሩ ደጋፊ ማስረጃ መኖሩን አስታውቋል። ይህ ድምዳሜ የተመሠረተው ፈቃድ መስጠትን ባላሉ ሕጎች ላይ እንጂ ፈቃድን ጨርሰው ባነሡት ላይ እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። አብዛኞቹ ግዛቶች ግዴታውን ያነሡት በቅርብ ዓመታት በመሆኑ ለጥናት የሚሆነው ጊዜ አጭር ነው።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው አኃዝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ከጦር መሣሪያ ጋር በተያያዘ ከ46 ሺህ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት ራሳቸውን በማጥፋት ነው። የአደባባዩ ክርክር በጎዳና ላይ ቢያተኩርም፣ መሣሪያ ወደ ቤቱ ለማስገባት የሚያስብ ቤተሰብ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁኔታና የመሣሪያውን አቀማመጥ አስቀድሞ ሊያጤን ይገባል።

ፈቃድ ቢነሣም ያልተነሡ ክልከላዎች

የፌዴራል ሕግ በሁሉም ግዛቶች ላይ ይሠራል። የግዛት ሕግ የቱንም ያህል ቢላላ የሚከተሉት ሰዎች የጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ አይችሉም፦

- ከአንድ ዓመት በላይ እስራት ሊያስቀጣ በሚችል ወንጀል የተፈረደባቸው፤
- በቤት ውስጥ ጥቃት ወንጀል የተፈረደባቸው፣ ወንጀሉ ቀላል ተብሎ የተመደበ ቢሆንም እንኳ፤
- የትዳር ወይም የፍቅር አጋራቸውን እንዳያስፈራሩና እንዳይጎዱ የፍርድ ቤት የእገዳ ትእዛዝ የጸናባቸው፤ ይህን ክልከላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 በ8 ለ1 ድምፅ አጽንቶታል፤
- በፌዴራል ሕግ የተከለከሉ አደንዛዥ ዕፆችን የሚጠቀሙ።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንዳንድ ግዛቶች የተፈቀደው ማሪዋና በፌዴራል ሕግ ቁጥጥር ሥር ነው። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገርም በፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ በአገር ቤት እንደ ተራ ልማድ የሚታየው ጫት መቃም በአሜሪካ ከመሣሪያ ጋር ሲገናኝ ከባድ የሕግ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

የቦታ ክልከላዎችም አሉ። ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ቢሮዎችን ጨምሮ ወደ ፌዴራል መንግሥት ጽሕፈት ቤቶች መሣሪያ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። በአየር መንገድ ጣቢያ ፍተሻም ላይ እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በአሜሪካ የፍተሻ ኬላዎች 6,678 የጦር መሣሪያዎች የተያዙ ሲሆን አብዛኞቹ ጥይት የጎረሱ ነበሩ።

ከትምህርት ቤት ቅጥር በ1,000 ጫማ፣ ማለትም በ305 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ መሣሪያ መያዝንም የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ከዚህ ክልከላ ነጻ ከሚሆኑት መካከል ግዛቱ ፈቃድ የሰጠው ሰው ይገኝበታል። ፈቃድ የማይጠየቅበት ግዛት ነዋሪ የሆነና ፈቃድ ያላወጣ ሰው ግን በዚህ ነጻነት መጠቀም አይችልም። ብዙ ሰዎች ግዴታ ባይኖርባቸውም ፈቃድ የሚያወጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የአሜሪካ ዜግነት ለሌላቸው ሰዎች

በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ የገቡ ሰዎች፣ የአደን ፈቃድን የመሳሰሉ ውስን ልዩ ሁኔታዎች ካልኖሩ በስተቀር፣ በፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ መያዝ አይፈቀድላቸውም። ሕጋዊ የመኖሪያ ሰነድ የሌላቸውም እንዲሁ ተከልክለዋል። ክልከላውን መተላለፍ እስከ 15 ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። የጥገኝነት ወይም ሌላ የኢሚግሬሽን ጉዳያቸው በሂደት ላይ ያለ ሰዎች፣ ማመልከቻ ማስገባታቸውን እንደ መብት ሳይቆጥሩ የኢሚግሬሽን ሕግ ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።

ግሪን ካርድ ያላቸው ቋሚ ነዋሪዎች ሌላ ክልከላ ከሌለባቸው መሣሪያ መግዛትና መያዝ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።

አንደኛ፣ ወደ አሜሪካ ከገባ በኋላ በጦር መሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ማንኛውም የውጭ ዜጋ፣ ቋሚ ነዋሪም ቢሆን፣ ከአገር ሊባረር ይችላል። ለአሜሪካዊ ዜጋ በገንዘብ መቀጮ የሚያልቅ ጥፋት ለቋሚ ነዋሪ የመባረር ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ዓይነት ክስ ጥፋተኝነትን ከማመን በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ማማከር የግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ከነጋዴ ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ 4473 የገዢውን ዜግነት ይጠይቃል። ሳያነቡ ወይም በሌላ ሰው ምክር “አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ” ብሎ መሙላት የሐሰት ቃል ከመሆኑም በላይ፣ በሐሰት ዜግነትን መናገር ራሱን የቻለ የመባረር ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ መያዝ ለማይፈቀድለት ሰው መግዛት ወይም ይህን እያወቁ ማዋስ ወንጀል ነው። ሌሊት ታክሲ ለሚነዳ ዘመድ ወይም የነዳጅ ማደያ ለሚጠብቅ ወዳጅ በቅን ልቦና መሣሪያ መስጠት፣ ተቀባዩ የተከለከለ ሰው መሆኑ ከታወቀ፣ ሰጪንም ተቀባይንም ያስጠይቃል።

ከግዛት ወደ ግዛት ሲጓዙ

አንድ ግዛት የሰጠው መብት በሌላው ግዛት አይከተልም። ከአትላንታ ተነሥቶ ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚጓዝ ሰው በጆርጂያ በሕግ የያዘው ሽጉጥ በሜሪላንድ ሊያሳስረው ይችላል። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ የሌሎች ግዛቶችን ፈቃድ አይቀበሉም። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስ አሽከርካሪ በእያንዳንዱ መሻገሪያ ሕጉ እንደሚለወጥ ሊገነዘብ ይገባል።

የፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ ከሚፈቀድበት ቦታ ተነሥቶ ወደሚፈቀድበት ሌላ ቦታ ለሚያልፍ መንገደኛ ከለላ ይሰጣል። ይህ ግን መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ ሲሆንና ከተሳፋሪዎች እጅ ርቆ በዕቃ መጫኛ ወይም በተቆለፈ ሣጥን ሲቀመጥ ነው።

ለንግድ ቤት ባለቤቶችና ሠራተኞች

የፈቃድ ግዴታ መነሣት የንብረት ባለቤትን መብት አልነካም። በቴክሳስ የምግብ ቤት ወይም የሱቅ ባለቤት በሕጉ የተወሰነውን ማስታወቂያ በመለጠፍ መሣሪያ ይዞ መግባትን መከልከል ይችላል። ከገቢው 51 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚያገኘው በቦታው ከሚጠጣ አልኮል በሆነ መጠጥ ቤት ውስጥ ደግሞ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ሠራተኞች ግዛቱ ቢፈቅድም አሠሪው በሥራ ቦታ ሊከለክል እንደሚችል ማወቅ አለባቸው።

በፖሊስ ሲቆሙ ወይም ሲታሰሩ

አንዳንድ ግዛቶች መሣሪያ የያዘ ሰው ፖሊስ እንዳስቆመው ወዲያውኑ እንዲናገር ያስገድዳሉ፤ ሌሎች ሲጠየቅ ብቻ እንዲመልስ ያዛሉ። በየትኛውም ግዛት እጅን በሚታይ ቦታ ማድረግ፣ መሣሪያውን ለማሳየት ወይም ለመንካት አለመሞከርና ትእዛዝን በእርጋታ መፈጸም ሕይወትን ያድናል።

የታሰረ ኢትዮጵያዊ ዜጋ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት፣ መታሰሩ ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው። ቆንስላው የታሰረውን ዜጋ ሊጎበኝና ጠበቃ የሚያገኝበትን መንገድ ሊያመቻች ይችላል። ክስ ማሰረዝ ወይም የፍርድ ቤትን ውሳኔ ማስለወጥ ግን አይችልም።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚመለሱ

በአሜሪካ በሕግ የተያዘ መሣሪያ በኢትዮጵያ ሕጋዊ አይሆንም። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለና በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው። ተጓዦች መሣሪያም ሆነ ጥይት በሻንጣቸው አለመኖሩን ከመነሣታቸው በፊት ሊያረጋግጡ ይገባል።

መሣሪያ ከመያዝ በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች

በአሜሪካ የሚኖር ዜጋ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል፦

1. አሁን ያለኝ የቪዛ ወይም የመኖሪያ ሁኔታ መሣሪያ እንድይዝ ይፈቅዳል?
2. የቀድሞ ፍርድ፣ የእገዳ ትእዛዝ ወይም የዕፅ ተጠቃሚነት ይከለክለኛል?
3. የምኖርበት ግዛት ሕግ ዕድሜን፣ ፈቃድንና ቦታን በተመለከተ ምን ይላል?
4. በመንገዴ ላይ ትምህርት ቤት፣ የፌዴራል ጽሕፈት ቤት ወይም ሌላ ግዛት አለ?
5. ግዴታ ባይሆንም ሥልጠና መውሰድና ፈቃድ ማውጣት አይጠቅመኝም?

የግዛቶች ሕጎች በየዓመቱ ይሻሻላሉ፤ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችም ይለዋወጣሉ። ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ መረጃ ለመስጠት የተዘጋጀ በመሆኑ የሕግ ምክርን አይተካም። ከላይ ከተዘረዘሩት ጥያቄዎች ለአንዱም ቢሆን እርግጠኛ መልስ የሌለው ሰው፣ በሚኖርበት ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ እስኪያማክር ድረስ መሣሪያ ከመግዛትም ሆነ ከመያዝ እንዲቆጠብ ይመከራል።